አምስቱ ስፒከሮች ከኮርኒስ ሥር ይውረዱ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሳሎናችን ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ እስከ ኮርኒሱ 2.80 ነው። ቤቱ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ። ቲቪው በአጭሩ ግድግዳ ላይ ነው፤ ባለ ሦስቱ ሶፋ ትይዩው ካለው ግድግዳ ተጠግቷል፤ ሌሎቹ ሶፋዎች ግራና ቀኝ ናቸው። በስተቀኝ ከባለ ሦስቱ ሶፋ አጠገብ ወደ መመገቢያው የሚያሳልፍ ሰፊ ክፍት አለ። ዘመድ ከውጭ የ5.1 ሆም ቲያትር (አምስት ስፒከርና አንድ ሰብውፈር ያለው) ላከልንና የገጠመልን ልጅ አራቱን ስፒከር በአራቱ ማዕዘን ከኮርኒስ ሥር፣ መሐለኛውን ከቲቪው በላይ ሰቀላቸው፤ ቤዙን፣ ማለትም ሰብውፈሩን፣ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ፊልም ስናይ ንግግሩ አይለይም፤ ድምፅ ስንጨምር ፍንዳታው ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ የኋላዎቹ ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ አይሰሙም። ትልቅ ሰብውፈር ብንጨምር ይስተካከላል? የኋላዎቹንስ የት ብንሰቅላቸው ይሻላል? ባለቤቴ ሶፋው ከቦታው እንዲነሳ አትፈልግም።»

ምላሽ፦ ሰብውፈር አይጨምሩ። የገለጹት ችግር የቤዝ ማነስ ሳይሆን የቤዝ መብዛት ነው፤ ቤዙ ከንግግሩ በላይ ወጥቷል። ትልቅ ሰብውፈር ቢገባ ያው ጉድለት ባሰበት ማለት ነው። ንግግሩን የሚያጠፋው የስፒከሮቹ አሰቃቀል፣ የሶፋው ግድግዳ መንካትና የክፍሉ ማስተጋባት ነው። የኋላዎቹ ዝምታ ደግሞ ምናልባት ከመጀመሪያው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው ድምፅ ባለ ሁለት ቻናል (ግራና ቀኝ ብቻ) ከመሆኑ የመጣ ነው። ይህን ለማስተካከል 20 ሜትር ገመድ፣ ጥቂት ፊሸርና ብሎን፣ መለኪያ ሜትር፣ አንድ ወፍራም ምንጣፍና ከሰዓት በኋላ የሚተርፍ አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ገጣሚው አራቱን ማዕዘን የመረጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በምግብ ቤት፣ በሱቅና በአዳራሽ ስፒከር የሚሰቀለው እንደዚያ ነው። እዚያ የሚፈለገው ድምፁ ለተቀመጠው ሁሉ እንዲዳረስ ነው፤ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። የ5.1 ሥራ ግን ተቃራኒው ነው። ፊልሙ ሲቀናበር እያንዳንዱ ቻናል ከሰሚው አንጻር የታወቀ አቅጣጫ ተሰጥቶታል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢኤስ.775 የተባለው ምክረ ሐሳብ መሐለኛውን 0 ዲግሪ፣ የፊት ግራና ቀኙን ከመሐል 30 ዲግሪ፣ የኋላዎቹን ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ያደርጋቸዋል። የፊልም ድምፅ ቴክኖሎጂ ኩባንያው ዶልቢ ለቤት የሚመክረው የፊቶቹን ከ22 እስከ 30፣ የኋላዎቹን ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ነው። ከጆሮ ወደ ጎን በቀጥታ የተዘረጋው መስመር 90 ዲግሪ መሆኑን ልብ ይበሉ። ስለዚህ «የኋላ» የምንላቸው ስፒከሮች ቦታቸው ከማጅራት ጀርባ ሳይሆን ከጎን ሆኖ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ብዙ ቤት የሚበላሸው በዚህ ስያሜ የተነሳ ነው።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የፊት ስፒከሮችዎ 2.60 ላይ ከሆኑ ድምፃቸው ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ተዋናዩ ስክሪኑ ላይ ሲናገር ድምፁ ከኮርኒስ ይወርዳል። በዚያ ላይ ከስፒከሩ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊቱ ብቻ ነው የሚሄደው። ስፒከሩ ወደ ታች ካላዘነበለ የ«ሰ»፣ የ«ሸ»፣ የ«ጸ» ድምፆች ከራስዎ በላይ ያልፋሉ፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ደግሞ እነሱ ናቸው። ወፍራሙ ድምፅ ግን በተቃራኒው ይጠነክራል። ስፒከር አንድ ግድግዳ ሲጠጋ ዝቅተኛው ድምፁ እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ሊጨምር ይችላል። ማዕዘን ላይ ከኮርኒስ ጋር ሦስት ገጽ በአንድ ጊዜ ይነካል። ቀጭኑ ቀንሶ ወፍራሙ ሲበዛ የሚሰማው ልክ እርስዎ የገለጹት ነው፤ ሰው በርሜል ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ያለ። አትሞስ በሚባለው ዘዴ ከላይ የሚሰቀሉ ስፒከሮች አሉ፤ እነሱ ግን ከአምስቱ በተጨማሪ የሚገቡ እንጂ አምስቱን ራሳቸውን ወደ ላይ ማውጣት አይደለም።

መሰርሰሪያ ከመያዝዎ በፊት ወደ አምፕሊፋየሩ ምን እየገባ እንደሆነ ያረጋግጡ። በሪሞቱ ላይ ወይም በሜኑው ውስጥ የሙከራ ድምፅ የሚያወጣ ትዕዛዝ አለ፤ ሲነካ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይወጣል። በአምስቱም በየተራ ከተሰማ ገመዱም ስፒከሩም ደህና ነው፤ የኋላዎቹ ዝም የሚሉት የሚሰጣቸው ድምፅ ስለሌለ ነው። አብዛኞቹ የዲሽ ጣቢያዎቻችን የሚያሰራጩት በሁለት ቻናል ነው። ከሪሲቨሩ በቀይና ነጭ ገመድ የሚወጣው ድምፅም ሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ ስድስት ቻናል በዚያ ገመድ አያልፍም። የ5.1 ፊልም ከፍላሽ ወይም ከኢንተርኔት በቲቪው ላይ የሚያጫውቱ ከሆነ ቲቪውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ወይም በኦፕቲካል ገመድ ያገናኙ። በቲቪው የድምፅ ሜኑ ውስጥ ዲጂታል የድምፅ ውጤት የሚለውን ከ«ፒሲኤም» ወደ «ቢትስትሪም» ወይም «ኦቶ» ይቀይሩ። ይህችን አንዲት ምርጫ ባለማወቅ ለዓመታት የ5.1 ዕቃ በሁለት ቻናል የሚሰሙ ቤቶች አሉ። ለዲሽ ፕሮግራም ደግሞ አምፕሊፋየሩ ላይ «ፕሮ ሎጂክ» የሚል ካለ ያብሩት፤ ከሁለቱ ቻናል ንግግሩን ለይቶ ወደ መሐለኛው፣ የአካባቢውን ድምፅ ወደ ኋላዎቹ ይመራዋል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ። ካርቶኑ ላይ 5.1 ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ሁሉ 5.1 አይደለም። ጀርባው ላይ ኦፕቲካልም ኤችዲኤምአይም ከሌለው፣ የዶልቢ ወይም የዲቲኤስ ምልክትም ካላዩበት፣ ምናልባት የሚያደርገው ሁለቱን ቻናል በአምስት ስፒከር መድገም ብቻ ነው። የኋላዎቹን ብቻ ትተው ሌሎቹን በመንቀል ዜና ያዳምጡ፤ የአንባቢዋ ድምፅ ከኋላ ጥርት ብሎ ከመጣ ዕቃው ደጋሚ ነው። እንዲህ ዓይነቱን የቱንም ያህል በትክክል ቢሰቅሉት ዙሪያ ድምፅ አይሰጥዎትም፤ የኋላዎቹን በጣም ዝቅ አድርጎ ወይም አጥፍቶ፣ ሁለቱን የፊትና ቤዙን ብቻ በሥርዓት አስቀምጦ መስማት ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ዕቃው እውነተኛ 5.1 ከሆነ ነው።

አሁን ወደ ሶፋው። ባለቤትዎ ሶፋው ግድግዳውን ተጠግቶ እንዲቆይ መፈለጋቸው ለእንግዳና ለቡና ቦታ ከማሰብ ነው፤ ተገቢ ነው። እንዲነሳ የምጠይቀው ግን ባለ ሦስቱ ብቻ ነው፤ ያውም 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ምክንያቱ ይህ ነው። የድምፅ ሞገድ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ በተወሰኑ ድምፆች ላይ ይጠራቀማል። በእርስዎ ክፍል ርዝመት፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የመጀመሪያው 34 ሄርዝ (በሰከንድ 34 ንዝረት) ነው፤ ቀጥሎ 68፣ ከዚያ 102። እነዚህ ሁሉ በአንድነት የሚበረቱት ግድግዳው ሥር ነው። ሶፋው ተጠግቶ ጭንቅላትዎ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ሁሉንም በሙሉ ኃይላቸው ይቀበሏቸዋል። ሶፋውን 60 ሴንቲ ሜትር ቢያወጡት ጆሮዎ 90 ላይ ይውላል፤ 34 ሄርዙ ብዙም አይለወጥም፣ ከ2 ዴሲቤል በታች ነው የሚቀንሰው። 68 ሄርዙ ግን ወደ 7 ዴሲቤል ይወርዳል፤ 102ው ከናካቴው ይከስማል ማለት ይቻላል። በትናንሽ ሰብውፈሮች ውስጥ «ዱም ዱም» የሚለው ደግሞ በትክክል ይህ አካባቢ ነው። በማንኛውም ቁልፍ ብታዞሩ ይህን ያህል ለውጥ አታገኙም።

60 ሴንቲ ሜትሩ ባዶ ሆኖ መቅረት የለበትም። ጠባብ ጠረጴዛ ይገባበታል፤ መጥረጊያም ያለ ችግር ያልፋል። ቡና ሲፈላ ወይም እንግዳ ሲበዛ ሶፋውን መልሶ ማስጠጋት ነው፤ የእግሮቹን ቦታ ወለሉ ላይ በትንሽ ፕላስተር ምልክት ካደረጉበት ለመመለስ ልኬት አያስፈልግም። ጨርሶ የማይቻል ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትርም ከምንም ይሻላል፤ የቤዙን መጠን ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ቀንሰው ከራስዎ ጀርባ ግድግዳው ላይ ወፍራም የሱፍ ነገር ይስቀሉ። ግን በምርጫዬ ብጠየቅ ሶፋው ይነሳ ነው የምለው፤ የቀረው ልኬት ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

የፊት ግራና ቀኙን ከማዕዘን አውርደው በስፒከር ማቆሚያ ወይም በቲቪው ግራና ቀኝ ባለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ የቀጭን ድምፅ አውጪው፣ ትንሿ ክብ፣ ከወለል ከ95 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.10 ትሁን። በመካከላቸው ያለው ርቀት 3.10 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ከጎኑ ግድግዳ 45 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ጆሮዎ ከስፒከሮቹ መስመር 3.80 ሜትር ላይ ስለሚሆን ይህ በየጎኑ 22 ዲግሪ ይሰጣል፤ የዶልቢው ዝቅተኛ ወሰን ነው። 30 ዲግሪ ልስጠው ቢሉ 4.40 ሜትር ያስፈልጋል፤ ክፍልዎ 4 ሜትር ነውና አይሆንም። ለማስፋት ብለው ጥግ ውስጥ አይክተቷቸው፣ ያው በርሜሉ ይመለሳል። ሁለቱንም ወደ ሶፋው መካከል ያዙሯቸው። አንዱ ቡፌ ውስጥ፣ ሌላው በባዶ ቦታ መሆን የለበትም፤ ግራና ቀኙ አካባቢያቸው ሲለያይ ድምፁ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

መሐለኛው የፊልሙን ንግግር ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚሸከም ስለሆነ ከሁሉ በላይ ይጨነቁለት። ከቲቪው በላይ ያለውን አውርደው ከቲቪው ሥር፣ ለስክሪኑ እስከተቻለ ድረስ ቅርብ አድርገው ያስቀምጡት። ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፤ ወደ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ከገባ ከፊቱ ያለው እንጨት ድምፁን መልሶ ያነጥረዋል። በቡፌ ቀዳዳ ውስጥ መክተት ደግሞ ሳጥን ውስጥ ሳጥን ማስገባት ነው። ስፒከሩ ከጆሮ በታች ከሆነ ከፊቱ ሥር የጎማ ቁራጭ አስገብተው አፉን ወደ ጆሮዎ ያቅኑት። ለመፈተሽ ሶፋው ላይ ይቀመጡና ሌላ ሰው ትንሽ መስታወት በስፒከሩ ፊት ላይ ይለጥፍ፤ መስታወቱ ውስጥ የራስዎን ፊት ካዩ ተስተካክሏል። ቲቪው ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ እሱንም ማውረድ ቢቻል መልካም ነበር፤ የስክሪኑ መካከል 1.10 እስከ 1.20 ላይ ሲሆን አንገትም አይደክም፣ ድምፅና ምስልም ይገጥማሉ።

የኋላዎቹ ላይ ያለብዎት ችግር የቀኙ ክፍት ነው። የግራውን በጎን ግድግዳ ሰቅለው የቀኙን በሌላ ቦታ ቢያደርጉ አይዛመዱም፤ አንዱ ከግድግዳ ድጋፍ ያገኛል፣ ሌላው ድምፁን ወደ መመገቢያው ያፈስሳል። ስለዚህ ሁለቱንም በኋለኛው ግድግዳ ላይ ይስቀሏቸው፦ ከክፍሉ መካከለኛ መስመር ግራና ቀኝ 1.60 ሜትር፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ጥግ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታ 1.75። ሶፋው ከወጣ በኋላ ይህ ቦታ ከሰሚው ወደ 119 ዲግሪ ላይ ይውላል፤ የዓለም አቀፉ ምክር ከሚፈቅደው 120 ውስጥ ነው። አፋቸውን በቀጥታ ወደ ሶፋው ሳይሆን ከሶፋው ፊት ለፊት በ1 ሜትር ገደማ ወደሚርቅ ነጥብ ያዙሯቸው። የኋላዎቹ ሥራ የዝናብ፣ የሰው ጫጫታ፣ የነፋስና የክፍል ስሜት መስጠት ነው፤ ጆሮ ላይ ቀጥታ ሲተኮሱ ስፒከሩ ራሱ ይታወቅና ስሜቱ ይጠፋል።

ከፊቶቹ ከፍ የማደርጋቸው ለዚህና ለሌላ ምክንያትም ነው። ሶፋው ዳር የተቀመጠው ሰው ለአንዱ ስፒከር ቅርብ፣ ለሌላው ሩቅ ነው። ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ ስፒከሩ በጆሮ ከፍታ ቢሆን ለእሱ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 8 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፤ አንዱ ስፒከር ሌላውን ይውጠዋል። ሶፋው 60 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ስፒከሩ ከጆሮ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ልዩነቱ ወደ 5 ይወርዳል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዙሪያ ድምፅ በትክክል የሚሰማው መካከል ለተቀመጠው ነው፤ በጎን ሶፋዎች ላይ ያሉት ንግግሩን በደንብ ይሰማሉ እንጂ ዙሪያውን በሙሉ አያገኙም። ይህን በምንም አሰቃቀል መቀየር አይቻልም።

ሰብውፈሩ ከጥግ ይውጣ። ከ80 ሄርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ስለማይለይ «ቤዝ የትም ቢቀመጥ ያው ነው» የሚባል ነገር አለ። በሁለት ምክንያት አይሠራም። አንደኛ፣ በአንድ ካርቶን የሚመጡ ትናንሽ ስፒከሮች ከ120 ወይም ከ150 ሄርዝ በታች አቅም የላቸውም፤ የቀረውን ሁሉ፣ የወንድ ድምፅን ወፍራም ክፍል ጭምር፣ ሰብውፈሩ ነው የሚሸከመው። ያ ድምፅ ቦታው ይታወቃል። ሰብውፈሩ ከሶፋው ጎን ከተቀመጠ ወንድ ተዋናይ ሲናገር ግማሽ ድምፁ ከጎንዎ ይመጣል። ስለዚህ የፊት ግድግዳው ላይ፣ ከመሐለኛው 1 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ይቆይ። ሁለተኛ፣ የድምፁን አቅጣጫ ባንለይም የመጠራቀሚያ ቦታዎቹን ጆሮ በደንብ ይለያል። ትክክለኛዋን ነጥብ ለማግኘት ሰብውፈሩን ራሱን አንስተው እርስዎ በሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያኑሩት፤ ወፍራም የቤዝ መስመር ያለው ዘፈን ይክፈቱ፤ ከዚያ በፊት ግድግዳው ሥር በጉልበትዎ እየሄዱ፣ ጆሮዎን ከወለሉ አስጠግተው ያዳምጡ። በአንዳንድ ቦታ አንድ ኖታ ብቻ ያገሳል፣ በሌላው ይጠፋል። ሁሉም ኖታዎች ተቀራራቢ ሆነው የሚሰሙበት ቦታ ሰብውፈሩ የሚቀመጥበት ነው። ካስቀመጡት በኋላ ጀርባው ላይ 0 እና 180 የሚል ማብሪያ ካለው ሁለቱንም ይሞክሩ፤ ከሶፋው ሲሰማ ቤዙ ሞላ የሚልበትን ይተዉት። ቺፕውዱ የሚያንገጫግጭ ከሆነ በስልክ ዝቅተኛ ድምፅ እያወጡ የሚጮኸውን ቦታ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሚስማር ወይም የመብራት ክዳን ነው።

ከስፒከሩ ቀጥሎ ንግግርን የሚያጠፋው ክፍሉ ነው። የተለሰነ ብሎኬት፣ ሴራሚክና የመስኮት መስታወት ድምፅን ይመልሱታል እንጂ አይውጡትም። ክፍልዎ 56 ሜትር ኩብ ነው፤ ባዶውን፣ ያለ ሶፋና መጋረጃ፣ ክፍቱንም እንደ ተዘጋ ቆጥረን፣ የማስተጋቢያ ጊዜን በሚለካው የሳባይን ቀመር ብናሰላው አንድ ጭብጨባ እስኪሞት 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ለፊልም የሚመቸው ከ0.4 እስከ 0.5 ነው። ሶፋዎቹ የተወሰነውን ይቀንሱታል፤ የቀረው በእጅዎ ነው፣ ሰሜን ሸዋ ደግሞ ለዚህ የታደለ አገር ነው። ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራው ባና እና ዝተት ከውጭ ከሚመጣው ቀጭን የፕላስቲክ ምንጣፍ እጅግ የተሻለ ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራም ነው፣ አየር ያሳልፋል፣ ክሩም ሻካራ ነው። አንዱን በሶፋውና በቲቪው መካከል ወለሉ ላይ ያንጥፉ። ሌላውን በግራ ግድግዳ ላይ ድምፁ ነጥሮ በሚመጣበት ቦታ ይስቀሉ። ቦታውን ለማግኘት እርስዎ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው መስታወት በግድግዳው ላይ በጆሮዎ ከፍታ ያንሸራትት፤ የፊት ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የሚታይበት ነጥብ እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ በእንጨት ክፈፍ ወጥሮ 10 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ይሻላል፤ ክፍተቱ ጨርቁ ከ850 ሄርዝ ጀምሮ ላለው ድምፅ እንዲጠቅም ያደርገዋል። በቀኝ በኩል እንዲሁ ያድርጉ። መጋረጃዎ የመስኮቱን ሁለት እጥፍ ወርድ ኖሮት የተሸበሸበ ይሁን። ይህ ሁሉ ግን ቤዙን አይነካውም፤ ለቤዝ መፍትሔው ቦታ ነው። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚመክር ካለ አይስሙት። የሚውጠው ቀጭን ድምፅን ብቻ ነው፣ ያውም በጥቂቱ፤ እሳት ደግሞ ቶሎ ይይዘዋል።

በሞላሌ ወይም በመሐል ሜዳ በኩል ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ ለሚኖሩ አንባቢዎች፦ ጭቃና ጭድ ያለው ግድግዳ ቤዙን በከፊል ስለሚውጠውና ስለሚያሳልፈው የ«ዱም ዱሙ» ችግር ይቀንሳል። ፊሸር ግን እዚያ አይዝም። ስፒከሩን ከውስጥ ካለው ቋሚ እንጨት ላይ በብሎን ይምቱት፤ ካልተገኘ የስፒከር ማቆሚያ ይጠቀሙ።

ለብሎኬት ግድግዳዎ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር ይበቃል። ልስኑን ካለፉ በኋላ መሰርሰሪያውን ከመደብደብ ወደ ተራ መሽከርከር ይቀይሩት፤ ካልሆነ የብሎኬቱ ቀጭን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይፈርስና ፊሸሩ ይሽከረከራል። ከማብሪያና ማጥፊያ ወይም ከሶኬት በቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን በሚሄደው መስመር ላይ አይብሱ፤ መስመሩ በዚያ የማለፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ቺፕውድ ላይ ስፒከር አይሰቀልም፤ የግድ ከሆነ ከላይ ያለውን ሞራሌ ፈልጎ በእሱ ላይ ነው። ገመዱ 2 በ1.5 ንጹሕ መዳብ ይሁን። ከቲቪው እስከ እያንዳንዱ የኋላ ስፒከር በዞኮሎው ላይ ሲሄድ፣ በክፍቱ በኩል ያለውን ዙሪያ ጨምሮ፣ 10 ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ሲሰላ የገመዱ ተቃውሞ ሩብ ኦም እንኳን አይሞላም፣ ለ4 ወይም ለ8 ኦም ስፒከር ከበቂ በላይ ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እየተሸጠ ነው፤ ጫፉን በምላጭ ሲቧጩት ነጭ ከወጣ ይተዉት። የሁለቱ ገመድ ርዝመት እኩል መሆን አለበት የሚባለው መሠረት የለውም። ከ220 ቮልት ሽቦ ጋር ግን በአንድ ካናል ውስጥ አይክተቱት፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ መተላለፍ ካለባቸው በመስቀለኛ ይተላለፉ። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኙ፤ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ቢገለበጥ የፊት ድምፁ ባዶ ይሆናል፣ ቤዙም ይሳሳል። ሲያገናኙ አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ተነቅሎ ይሁን፤ የገመድ ክሮች ተነካክተው እያለ ከበራ ሊቃጠል ይችላል።

አምፕሊፋየሩን በተዘጋ ቡፌ ውስጥ አያስቀምጡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ቢቀዘቅዝም ሳሳ ያለ ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት አንስቶ የመሄድ አቅሙ ያነሰ ነው። ከላዩ 15 ሴንቲ ሜትር ነጻ ይተዉለት። መብራት ሲጠፋ ይንቀሉትና ከመጣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይመልሱት።

በመጨረሻ ቁጥሮቹን ያስገቡ። አምፕሊፋየሩ ርቀት በሜትር የሚጠይቅ ከሆነ ከጆሮዎ ቦታ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር በሜትር ለክተው ያስገቡ፤ የፊቶቹ 4.10፣ መሐለኛው 3.80፣ የኋላዎቹ 2 ሜትር አካባቢ ይሆናሉ። በሚሊ ሰከንድ የሚጠይቅ ከሆነ 1 ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለኋላዎቹ 6፣ ለመሐለኛው 1 ይስጡ። ከዚያ የሙከራ ድምፁን ከፍተው በስልክ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ፣ ስልኩን በጆሮዎ ቦታ ይዘው፣ አምስቱን እኩል ያድርጉ። ስልክ እውነተኛውን የዴሲቤል ቁጥር ላይሰጥ ይችላል፤ ማመሳሰል ግን ይችላል። እኩል ካደረጉ በኋላ መሐለኛውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉት። ሌሊት ልጆች ተኝተው ሲያዩ በሜኑው ውስጥ «ናይት» የሚለውን ያብሩ፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል።

ክረምት ላይ በረዶ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲመታ ንግግር እንዳይጠፋ የሚያደርግ የስፒከር አቀማመጥ የለም። እሱ የሚሻሻለው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የመስታወት ሱፍ ወይም ሌላ ሙሌት ሲነጠፍ ነው፤ ለብርዱም ይጠቅማችኋል።

የሥራ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የቲቪው ሜኑና ገመድ፣ ቀጥሎ ሶፋው፣ ከዚያ መሐለኛው፣ የፊቶቹና ሰብውፈሩ። ግድግዳ ከመብሳትዎ በፊት የኋላዎቹን በወንበር ላይ በዕቃ ከፍ አድርገው ለአንድ ሳምንት በተባለው ቦታ ያዳምጧቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ንግግሩ አሁንም ካልጠራ ገንዘብዎን በመሐለኛው ስፒከር ላይ ያውሉት፤ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ትንሹን በ8 ኦም ትልቅ መሐለኛ ይተኩት። ከመግዛትዎ በፊት ግን የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የኦም ቁጥር ያንብቡ፤ ከተጻፈው ያነሰ ኦም ያለው ስፒከር አይሰኩበት።